የጎሬ ስም በባለአገሩና በውጭ አገር ሰዎች አንደበት

የቦታ ስም ጥናት ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ይነሣል። የመጀመሪያው ስሙ ከየት መጣ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ባለአገሩ እንዴት አድርጎ ይጠራዋል የሚል ነው፤ ሦስተኛውም ከሩቅ የመጣ ሰው ስሙን ሰምቶ በራሱ ፊደል በጻፈው ጊዜ ምን መልክ ሰጠው የሚል ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች ተለይተው ካልተመረመሩ አንዱ የሌላውን መልስ እየወሰደ ስሕተትን ይወልዳል። የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው የጎሬ ስም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእኛ ጽሕፈት ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ይህ አጭር ስም ከ1889 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሩሲያ፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በኢጣልያ ሰዎች እጅ ሲጻፍ ኖሯል፤ በእያንዳንዱም ቋንቋ ሰጪው ያላሰበው ትርጉም ተጠግቶታል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል። በ1928 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ መንግሥት በገዛ ምድሩ ላይ አለ ወይስ ጠፍቷል በተባለ ጊዜ፣ አለ ለሚሉት ወገኖች ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው የዚች ከተማ ስም ነበር። እንግዲህ ስሙን አጥርቶ ማንበብ የዚያን ዘመን ታሪክ አጥርቶ ከማንበብ ጋር የተያያዘ ነው።

፩

ጎሬ ከመቱ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አገሩ ዝናም የማይጐድልበት፣ ደኑ የጠና፣ ቡና የሚበቅልበት ነው። ከጎሬ ወደ ምዕራብ ምድሩ እየተቈለቈለ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ሜዳና ወደ ባሮ ወንዝ ይወርዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ በኋላ ራስ ቢትወደድ የሆኑት፣ ኢሉባቦርን ሲገዙ መቀመጫቸው ጎሬ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የግዛት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የንግድ በርም ሆነች። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ የንግድ ቦታ እንዲሰጥ ይፈቅድ ስለ ነበር፣ ቦታው በጋምቤላ ተቋቋመ። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የጋምቤላው ቦታ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ የተነገረበት ምክንያት አለ። የግዛት መቀመጫና የንግድ በር በመሆኗ ጎሬ ከሌሎቹ የአካባቢው ከተሞች ይልቅ በውጭ አገር ሰዎች ደብዳቤ፣ ካርታና የሂሳብ መዝገብ ላይ ቶሎ ገባች። ስሟ ገና በአገር ውስጥ ጽሑፍ ሳይበዛ በባዕድ ፊደል በዛ። በኋላ የአስተዳደሩ ዋና ከተማነት ወደ መቱ ተዛወረ፤ ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በኋላም የቀድሞው ግዛት መሬት በኦሮሚያ፣ በጋምቤላና በደቡብ ክልሎች መካከል ተከፋፈለ። ስለዚህ የጎሬን የሥልጣን ዘመን የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚጀምረው በውጭ አገር ቤተ መዛግብት ነው፤ በዚያም የሚያገኘው ስም የተለያየ መልክ ያለው ነው።

፪

ስለ ጎሬ ከመናገር በፊት የግዛቱን ስም መመልከት ይጠቅማል፤ የስሙ አሠራር ግልጽ ነውና። ኢሉባቦር በአንድ ቃል የሚጻፍ ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ያጣመረ የኦሮምኛ ስም ነው። ኢሉ የጎሣ ስም ነው። አባ ቦር ወይም አባ ቦራ ደግሞ የፈረስ ስም ሲሆን፣ ትውፊቱ ከኢሉ ጎሣ ለነበሩት ለጫሊ ሾኖ ይሰጠዋል። በፈረስ ስም መጠራት በኦሮሞም በአማራም መኳንንት ዘንድ የታወቀ የጀግንነት ልማድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸው በዚሁ ልማድ ነው። ቦራ የሚለውም ቃል ባለፈረሶች የከብትን መልክ የሚለዩበት ቃል ነው።

የጎሣን ስምና የገዢን የፈረስ ስም አጣምሮ አገርን መጥራት ለኢሉባቦር ብቻ የተለየ ነገር አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በዚያው ሥርዓት የተሠራ ስም ነው። ጅማ የሚባሉ ቦታዎች ብዙ ስለ ሆኑ፣ የዚያኛው ጅማ ከጅማ ራሬም ሆነ ከጅማ አርጆ እንዲለይ የንጉሡ የፈረስ ስም ተቀጠለለት። በጅማ ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው ስለ ቀሩ ትርጉሙ ለሁሉ ይታያል። በኢሉባቦር ግን ጸሓፊዎች ሁለቱን አንድ ስላደረጓቸው ስሙ ለመስማት አንድ ወጥ ቃል ሆነ፤ ኢሉባቡር፣ ኢሊባቡር የሚሉ አጻጻፎችም ከዚህ ተወለዱ። ዛሬ ኢሉ አባ ቦር ተብሎ ተለያይቶ ሲጻፍ የተደበቀው አሠራር እንደገና ይገለጣል። አንድ ክፍት ቦታ በቃላት መካከል መኖር አለመኖሩ የአንድን ጎሣና የአንድን ጀግና መታሰቢያ ሊገልጥም ሊሰውርም እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

፫

ወደ ጎሬ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ስሙን በሰማ ጊዜ የሚታሰበው የአውሬ መኖሪያ የሆነው ጎሬ ነው፤ የጅብ ጎሬ፣ የቀበሮ ጎሬ እንደሚባለው። ደን በበዛበት አገር ይህ ፍቺ ተስማሚ ይመስላል። ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስባል። በኦሮምኛ ከመንገድ ወጣ ብሎ ወደ አንድ ቦታ መግባትን የሚናገር ግሥ አለ፤ «ጎሬ» ሲባል ከመንገዱ ዞር ብሎ ገባ ማለት ይሆናል። አማርኛም «ጎራ አለ» ሲል በዚያው ዐይነት ድምፅ ያንኑ ነገር ይናገራል። ነጋዴ የሚያድርበት ከተማ ለሆነች ቦታ ይህም ፍቺ ያማረ ነው። ደግሞም በኦሮምኛ ጎራ የሚባል፣ ፍሬው የሚበላ እሾሃም ቍጥቋጦ አለ፤ የዕፀዋት ስም የቦታ ስም ሲሆን በብዙ አገር ስለሚታይ ይህም ሦስተኛ ፍቺ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ሦስቱም ፍቺዎች ያማሩ መሆናቸው ራሱ ሊያስጠነቅቅ ይገባል። ማማር ማስረጃ አይደለም። ለማስረጃ የሚበቃው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስሙን ሲጠሩ አናባቢው ረዥም ነው ወይስ አጭር፣ ተነባቢው ይጠብቃል ወይስ ይላላል የሚለው ነው፤ ኦሮምኛ በአናባቢ ርዝመትም በተነባቢ ጥብቀትም የቃላትን ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነውና። የግዕዝ ፊደል ይህን ሁለቱንም አይገልጥም። ጎ ሳብዕ፣ ሬ ኀምስ መሆኑን ይናገራል፤ አናባቢው ምን ዐይነት እንደ ሆነ ጥርጥር አያስቀርም፤ ነገር ግን ርዝመቱንና ጥብቀቱን ለአንባቢው ዕውቀት ይተወዋል።

ይህ ጕድለት በመቱ ስም ላይ በይበልጥ ይታያል። መቱ ተብሎ የተጻፈውን ቃል ከተማ መሆኑን ሳያውቅ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ «መታ» ከሚለው ግሥ ያወጣዋል፤ ብዙ ሰዎች ሌላውን መቱ ማለት ይመስለዋል። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ በተወሰነ ጊዜ የተያዘው የቁቤ አጻጻፍ ጥብቅ ተነባቢንና ረዥም አናባቢን ፊደሉን በመደገም ስለሚያሳይ፣ በመቱ ስም ላይ «ት»ም የመጨረሻው «ኡ»ም እጥፍ ሆነው ይታያሉ። በውጭ አገር ካርታዎች ላይ ግን ስሙ አንዳንድ ጊዜ በነጠላ፣ አንዳንድ ጊዜ በእጥፍ «ቲ» ይገኛል። ካርታ ሠሪዎቹ ከአማርኛው ጽሕፈት የገለበጡ ከሆነ ነጠላ አደረጉት፤ በጆሯቸው የሰሙ ከሆነ አጠፉት። ስለዚህ የፊደሉ መደገም ወይም አለመደገም መረጃው ከወረቀት ወይም ከአንደበት መወሰዱን የሚጠቁም ምልክት ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

፬

ከውጭ አገር ሰዎች መካከል ስለ ጎሬ ቀድመው ከጻፉት አንዱ የሩሲያው መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነበር። በ1889 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ ተጕዞ በጎሬ ደጃዝማች ተሰማን አገኘ፤ ከእንጦጦ እስከ ባሮ ስላደረገው ጕዞ የጻፈውም መጽሐፍ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 በሴንት ፒተርስበርግ ታተመ። ስሙ በሩሲያ ፊደል ሲጻፍ ከአንድ የታወቀ የሩሲያ ቃል ጋር አንድ ይሆናል፤ ቃሉም ኀዘን፣ መከራ ማለት ነው። ይህ ፍቺ የሚገኘው ግን ድምፁ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ሲበረታ ነው። በመጨረሻው ክፍል ላይ ቢበረታ ያው ጽሕፈት ከመስተዋድድ ጋር «በተራራ ላይ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ጎሬ በእውነት በከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ስሙን ሩሲያውያን አወጡት የሚል አንድም አስተዋይ ሰው አይገኝም። ይህ ምሳሌ በሚገባ ሊጤን ይገባዋል። ድምፁ የገጠመ፣ ትርጉሙም ከቦታው መልክ ጋር የተስማማ ሆኖ ሳለ ፍጹም ሐሰት የሆነ ፍቺ ሊኖር እንደሚችል ያሳያልና። በአማርኛና በኦሮምኛ የተሰጡት ፍቺዎች ከዚህ የሚበልጡት ቋንቋዎቹ በአገሩ የሚነገሩ በመሆናቸው ነው እንጂ ድምፁ ስለ ገጠመላቸው ብቻ አይደለም።

ከሩሲያዊው ቀጥሎ ፈረንሳውያን መጡ። በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. የማርኪ ደ ቦንሻን ጓድ ወደ ነጭ ዓባይ ሄዶ ከማርሻን ጋር በፋሾዳ ለመገናኘት በጎሬ በኩል ተጓዘ፤ ከእርሱ አስቀድሞ የተላከው ካፒቴን ክሎሼትም በጎሬ ሞተ። የጓዱን ታሪክ ሻርል ሚሼል ጽፎ አሳተመው። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ደግሞ የደጃዝማች ተሰማ ጦር፣ ሁለት የቦንሻን ጓድ አባላትና አንድ የሩሲያ ኮሎኔል አብረውት ሆነው፣ ሶባት ከነጭ ዓባይ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ደረሰ። በፈረንሳይኛ የመጨረሻው አምስተኛ የላቲን ፊደል ምልክት ከሌለው አይነበብም። እንዲሁ ቢጻፍ ከተማዋ «ጎር» ትባል ነበር። ስለዚህ በፈረንሳይኛ ሥርዓት ከፊደሉ ላይ ጭረት ተደርጎ ሲጻፍ በትክክል «ጎሬ» ተብሎ ይነበባል። ይህች ጭረት የስሙን ግማሽ ተሸክማለች ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ፈረንሳዊው ጆሮ ከትርጉም አላመለጠም፤ በቋንቋው የዐሣማ ግልገል የሚባልበት ቃል ከዚሁ ድምፅ ብዙም አይርቅም።

ኢጣልያኖች በዚህ ረገድ ችግር የለባቸውም። በቋንቋቸው የመጨረሻው አናባቢ ሁልጊዜ ስለሚነበብ ያለ ምንም ምልክት የጻፉትን «ጎሬ» ብለው ያነቡታል። በእነርሱም ዘንድ ቃሉ ባዶ አይደለም፤ ውሃ ወደ ወፍጮ የሚሄድባቸው ቦዮች ማለት ነው። ኢጣልያኖች ያሳሳቱት ሌላውን አንባቢ ነው። ጅማን በቋንቋቸው ሥርዓት ሲጽፉ የሚጠቀሙበትን የመጀመሪያ ፊደል እንግሊዛዊ «ጊ» ብሎ ሊያነበው ስለሚችል ከተማዋ «ጊማ» ትሆንበታለች።

እንግሊዞች ስሙን ሲጽፉ ጂ፣ ኦ፣ አር፣ ኢ በሚባሉ አራት ፊደላት ጻፉት፤ የመጨረሻዋ ፊደል በቋንቋቸው ድምፅ የሌላት ስለ ሆነች አንባቢያቸው «ጎር» ይላል። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል ሦስት ትርጉም አለው። አንደኛው የፈሰሰና የረጋ ደም ነው፤ ሁለተኛው በቀንድ መውጋት ነው፤ ሦስተኛው ሦስት ማዕዘን ያለው ቍራጭ ጨርቅ ወይም ቍራጭ መሬት ነው። በለንደን ኬንሲንግተን ጎር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከሦስተኛው ትርጉም ነው፤ መንገዱ በዚያ ቅርጽ ከነበረ መሬት ጋር የተያያዘ ነበርና። የእንግሊዝ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1913 ጀምሮ መቀመጫውን ያደረገው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የአፍሪካን ካርታ በሚያጠና በዚያ ማኅበር ደጃፍ ላይ የተጻፈው ቃልና በካርታው ላይ ያለው የኢሉባቦር ከተማ ስም በፊደል አንድ፣ በአነጋገር ሁለት፣ በትውልድ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

፭

እንግሊዞች ይህን ያደረጉት የአፍሪካን ስም በመናቅ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ግን ችኮላ ይሆናል። የቅርብ ጎረቤታቸው በሆነችው በፈረንሳይ ከተሞች ስም ላይም ያንኑ አድርገዋል። የካሌን ከተማ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1347 እስከ 1558 ድረስ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲገዟት ስሟን መጨረሻው ድምፅ እንዲኖረው አድርገው «ካሊስ» ይሉት ነበር። በአሜሪካ በሜይን ግዛት በስሟ የተሰየመችው ከተማ ዛሬም «ካለስ» ትባላለች፤ በኬንታኪ ያለችውም ቬርሳይ «ቨርሴልዝ» ትባላለች። ሊዮንንና ማርሴይን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ በፈረንሳይኛው ያልነበረ «ኤስ» ይጨምሩባቸው ነበር። ፈረንሳዮች «ራንስ» ለሚሏት ከተማ አንድ «ኤች» ጨምረው «ሪምዝ» አሏት። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ የዚችን የፈረንሳይ ከተማ ስም በቋንቋው እንዴት ማለት እንደሚገባው ቢጠይቅ ሁለት መልስ አለው፤ የባለአገሩ አነጋገርና በእንግሊዝኛ ለብዙ ዘመን የኖረው አነጋገር። ሁለቱም የየራሳቸው ታሪክ ያላቸው ስለ ሆኑ አንዱ የሌላው ስሕተት ብቻ ነው አይባልም።

የራንስ ስም ትርጉም ደግሞ ለኢሉባቦር ጥናት የሚጠቅም ነገር አለው። በሮማውያን ዘመን ከተማዋ ዱሮኮርቶሩም ትባል ነበር፤ በኋላ በዚያ በሚኖረው ሬሚ በሚባለው ሕዝብ ስም ተጠራች። ፓሪስም እንዲሁ ከፓሪሲ ሕዝብ ስሟን አገኘች። የጎሣ ስም የአገር ስም ሆኖ መቅረቱ በኢሉም በሬሚም የታየ አንድ ዐይነት ሥራ ነው። የራንስን ስም በእንግሊዝኛ ወይም በዛሬው ፈረንሳይኛ ድምፅ ብቻ ይዞ የሚተረጕም ሰው የሬሚን ሕዝብ ከቶ አያገኝም፤ ያገኘው የድሮውን ጽሑፍ የመረመረ ሰው ነው። ኢሉንም በኢሉባቦር ውስጥ የሚያገኘው የአገሩን ቋንቋ የጠየቀ ሰው ነው።

አማርኛም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። ፈረንሳዮች «ፓሪ» የሚሏትን ከተማ እኛ መጨረሻውን እያሰማን ፓሪስ እንላለን፤ ኢጣልያኖች «ሮማ» የሚሏትን የግዕዝ መጻሕፍት ሮሜ ይሏታል። ይህ ነውር አይደለም። ቋንቋ ሁሉ የሩቁን ስም በራሱ ልክ ይሰፋዋል። ልዩነት የሚመጣው የተሰፋው ልብስ እንደ ሰውየው ገላ ተቈጥሮ ከእርሱ ታሪክ መጻፍ ሲጀመር ነው።

፮

ይህ ልዩነት ከባድ ዋጋ ያገኘበት ዘመን በ1928 ዓ.ም. መጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ የመንግሥቱ ሥራ በጎሬ እንዲቀጥል ተደረገ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ የመንግሥቱ ኀላፊ ሆኑ፤ ራስ እምሩም በእንደራሴነት ወደ ምዕራብ መጡ። ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበርም በዚያው በምዕራብ አገር ተነሣ። በዚያው ወቅት ከምዕራብ ኦሮሞ መኳንንት ወገን የሆኑ ሰዎች በመንግሥታት ማኅበር ሥር በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲጠበቁ ጥያቄ አቀረቡ፤ ጥያቄውም የሄደው በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በካፒቴን ኤርስኪን በኩል ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ወረቀቶች ላይ «ጎሬ» የሚለው ስም አንዳንድ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት፣ አንዳንድ ጊዜ ከእርሱ ለመለየት የፈለጉትን ወገኖች ጥያቄ፣ አንዳንድ ጊዜም የቆንስሉን ጽሕፈት ቤት ብቻ ያመለክታል። አንባቢው የትኛው እንደ ሆነ ካልለየ የአንዱን ቃል በሌላው አፍ ያስገባል።

ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ለንደን በደረሱ ጊዜ ያረፉት በፕሪንስስ ጌት ነበር፤ ይህም ሰፈር ከኬንሲንግተን ጎር ጥቂት እርምጃ የሚርቅ ነው። መንግሥታቸው በጎሬ ቆሞ ሳለ እርሳቸው በዚያው ጽሕፈት ስም ባለው መንገድ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በመስከረም 1929 ዓ.ም. በጄኔቭ በተደረገው የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ሥልጣን ተጠያቂ ሆነ፤ ጉባኤውም መልእክተኞቹ እንዲቀመጡ ፈቀደ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ያልተያዘ ምድርና የሚሠራ አስተዳደር አለ የሚለው የኢትዮጵያ ወገን ክርክር የሚያርፈው በጎሬ ላይ ነበር። ያም ጊዜ አጭር ሆነ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጎሬ ገባ፤ በታኅሣሥም ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

በእነዚያ ወራት ስሙ በጋዜጣና በቴሌግራፍ ወደ ዓለም ሲሄድ፣ የፈረንሳይኛዋ ጭረት በእንግሊዝኛው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትቀር ነበር፤ ጭረቷ ስትቀር አንባቢው የሚያየው የደም ስም ነው። የአንድን መንግሥት ሕይወት የሚመሰክር ስም በማያውቀው ሰው ዐይን የሞት ስም መሰለ። ይህን ማንም አስቦ አላደረገውም። አንዲት ምልክት ብቻ ስለ ቀረች የሆነ ነገር ነው።

፯

የምዕራብ ከተሞች ስም ከዚህ ይልቅ ሩቅ የተጓዘበትም ጊዜ አለ። በ1933 ዓ.ም. የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች ከሱዳን በኩል መጥተው በመጋቢት አሶሳንና ጋምቤላን ያዙ፤ በሰኔ መጨረሻም የኢጣልያው ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ፣ በደምቢ ዶሎ ማለት ነው፣ እጁን ሰጠ። ለዚህ ድል መታሰቢያ ሌዎፖልድቪል ትባል በነበረችው በኪንሻሳ ከተማ ውስጥ መንገዶች በሳዮ፣ በአሶሳና በጋምቤላ ስም ተጠሩ፤ ጋምቤላ የሚባል የታወቀ ገበያም በዚያ አለ። በፈረንሳይኛ በሁለት አናባቢ መካከል የገባ ነጠላ «ኤስ» እንደ «ዘ» ስለሚነበብ፣ አሶሳ «አዞዛ» እንዳትባል ፊደሉ ተደገመ፤ በሳዮም ላይ አናባቢዎቹ እንዳይዋሐዱ ሁለት ነጥብ ተደረገባቸው። በደምቢ ዶሎ ሳዮ የሚለው ስም ለአዲሱ ስም ቦታውን ሲለቅ፣ በኮንጎ ወንዝ ዳር ግን በመንገድ ላይ ተጽፎ ኖረ። እንዲህ ከሆነ የባዕድ ፊደል ሁልጊዜ አጥፊ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ባለአገሩ የተወውን ስም ጠብቆ ያቆያል።

ጎሬ እንዲህ ያለ ዕድል ባታገኝም ሞክሼዎች አሏት። በደቡብ ቻድ ጎሬ የሚባል ከተማ አለ፤ በሴኔጋል ጠረፍ የሚገኘው ደሴት በፈረንሳይኛ ጎሬ ሲባል ስሙ ከሆላንድ ደሴት ስም የመጣ ነው፤ በኒው ዚላንድ ያለችው ጎር ደግሞ በአገረ ገዢው በሰር ቶማስ ጎር ብራውን ስም የተጠራች ናት። በቤተ መጻሕፍት ማውጫ ውስጥ የኢሉባቦሯን ጎሬ የሚፈልግ ተማሪ ከእነዚህ ሁሉ መካከል መለየት አለበት። ጭረት ያለውን ብቻ ቢፈልግ የእንግሊዝ ቆንስሎችን ወረቀት ያጣል፤ የሌለውን ብቻ ቢፈልግ የፈረንሳይ ተጓዦችን ያጣል።

፰

ከተባለው ሁሉ ለቦታ ስም ጥናት የሚረዱ አራት ነገሮችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ ስሙ አስቀድሞ ከባለአገሩ አንደበት ጥብቀቱና ርዝመቱ ተለይቶ ይመዝገብ፤ የፊደል ገበታችን ይህን ስለማይገልጥ በቃል ማብራሪያ ይታከልበት። ሁለተኛ፣ የውጭ አገር ጽሕፈት በተገኘ ጊዜ ጸሓፊው በየትኛው ቋንቋ ሥርዓት እንደ ጻፈ ሳይታወቅ አይነበብ፤ አንድ ዐይነት ፊደል በተለያየ ቋንቋ የተለያየ ድምፅ እንደሚሰጥ የጎሬ ስም አሳይቷልና። ሦስተኛ፣ ስሙ የተጻፈበት ዓመት ከነመልኩ ይያዝ፤ ጭረቷ የገባችበትና የቀረችበት ጊዜ፣ ፊደል የተደገመበትና የተቀነሰበት ጊዜ ማን ከማን እንደ ገለበጠ ያሳያል። አራተኛ፣ ሕዝብ ለስሙ የሚሰጠው ፍቺ አይጣል፤ ነገር ግን የስሙ ትውልድ ምስክር ሆኖ ሳይሆን የተርጓሚው ሐሳብ ምስክር ሆኖ ይመዝገብ። ጎሬን የአውሬ ዋሻ ነው ያለ ሰው ከሩቅ ሆኖ በደኑ አስፈሪነት አገሩን እንደ ተመለከተው ይናገራል፤ ነጋዴ ጎራ የሚልበት ነው ያለው ደግሞ የከተማዋን ገበያ ያስታውሳል።

በመጨረሻ የሚጤነው ነገር የአክብሮት ነው። የሰውን ስም አጣሞ መጥራት በአገራችን እንደ ንቀት ይቈጠራል፤ የአገርን ስም አጣሞ መጻፍም በዚሁ ሊታይ የተገባ ነው። ጎሬ ለሩሲያዊ ኀዘን፣ ለእንግሊዛዊ ደም፣ ለኢጣልያዊ የወፍጮ ቦይ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ የአውሬ ጉድጓድ መሰለች። ለነዋሪዎቿ ግን ትርጉሙ ከተማቸው ናት፤ ስሟን የሚያጠናም ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እነርሱን ነው።